ቃላችሁ ይግጠም

ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቼ ነድቼ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ነው አስተርጓሚ የሆንኩት። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ግን ድንበሩን ስሻገርና ስመለስ የማዶዎቹን ቋንቋ ከነስድቡ፣ ከነልመናው ለቅሜዋለሁ። ማዶ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ እኛ ሲጎርፍ የስደተኞች ማጣሪያው ሰው ቸገረውና ጠርተው ቀጠሩኝ። «የሰማኸውን ብቻ ትናገራለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም» አሉኝ። ይቺማ ምን አላት ብዬ ፈረምኩ።

መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በጣውላ ከፋፍለውት፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ደርድረውበት፣ ዳር ላይ ሁለት መስኮት አወጡለት። ስደተኛው መጀመሪያ ቅጽ ይሞላል። ቅጹን የምትቀበለው ልጅ የምታየው ስሙን አይደለም፣ ዕድሜውንም አይደለም፤ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው የሚያርፈው። ሰባተኛው መስመር «ሃይማኖት» ይላል። የእኛን ሃይማኖት የጻፈ ነጭ ፋይል ይሰጠውና አንደኛ መስኮት ይሄዳል፤ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፣ ከምሳ በፊት ያልቅለታል። የዚያኛውን የጻፈ ቢጫ ፋይል ይሰጠውና ሁለተኛ መስኮት ይሄዳል። ቢጫ ፋይል ስድሳ ሁለት ጥያቄ ነው። ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ፣ አያት ለብቻዋ ይጠየቁና መልሳቸው ጎን ለጎን ተደርጎ ይነበባል። ያልገጠመ ይመለሳል። እንዲህ ይደረግ የሚል ሕግ የትም ተጽፎ አላየሁም። ግን እንዲያ ነበር።

ስለዚህ ቢጫ ፋይል የያዙት ሰልፉ ላይ እርስ በርሳቸው የሚባባሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ቃላችሁ ይግጠም።» እናት ለልጇ፣ ያለፈው ለመጪው፣ እንደ ሰላምታ ይሉታል። ዘበኛው ሳይቀር በቋንቋቸው ለምዶት «ቃላችሁ ይግጠም! ቃላችሁ ይግጠም!» እያለ ያስገባቸው ነበር። ይህ ዘበኛ ቁመቱ በር የሚያህል ሆኖ ድምፁ የጫጩት ነው፤ እኛም «ነጎድጓድ» ነበር የምንለው።

እኔ ራሴ የነጩ ፋይል ሃይማኖት ነኝ። ስቀጠር ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ሰባተኛውን መስመር አይተውልኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ጠያቂው ወጣት ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ። ስም ያወጣንለት «ባለሚዛኑ» ብለን ነው፤ በየቀኑ «ሥራችን ሚዛን ነው» ስለሚል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ስነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ማጣሪያ ያለፈ አንድ ሰው አውቶቡስ ተራ ላይ ቦምብ አፈንድቶ አሥራ አንድ ሰው ገድሏል። ባለሚዛኑ የአሥራ አንዱን ስም ከጋዜጣ ቆርጦ ጠረጴዛው መስታወት ሥር አስቀምጦታል። የሻዩን ስኳር እያማሰለ ጣቱን አንዱ ስም ላይ ያሳርፋል። «ሽማግሌው፣» አለኝ አንድ ቀን፣ «ንጹሕ ሰው ብመልስ ማንም አይሰማም። አንድ መጥፎ ሰው ባስገባ እነዚህ ይሰማሉ።» ምን ይመለስለታል? ያ ገዳይ ቢጫ ፋይል ነበር። አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢጫው ሁሉ እሱ ሆነ።

ይህን የማወጋላትን ሴትዮ ያየኋት ኮሪደሩ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጣቷ በመርፌ ተበሳስቷል። አማቷንና የስድስት ዓመት ሴት ልጇን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ፣ ውሃ ልቅዳ ብላ ተነሣችና ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ።»

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ባሌ ሞቷል። ዓመት ከሁለት ወሩ። እማ አታውቅም።»

«እማ ማናት?»

«አማቴ። እናቱ ናት።» ኮዳውን ባዶውን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻት። «ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል። ዛሬ ነገ ስል መንገድ ሆነ፣ ስደት ሆነ። አገር ገብተን፣ ቤት ይዘን፣ የሚያጽናናት ጎረቤት ስናፈራ እነግራታለሁ ብዬ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? በየሳምንቱ ሹፌር ሰላምታ አመጣ እያልኩ ነው የማኖራት። አደራ፣ ከእርስዎ አፍ እንዳይወጣ።»

«ከእኔ አፍ አይወጣም» አልኳት።

አማትየዋ በዚያ በኩል ከነጎድጓድ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ቀጠን ያለች፣ ጥርሷ የሳሳ፣ ዓይኗ ግን ገና ያልደከመ ሴት ናት። «አንተ ልጅ፣» ትለዋለች በቋንቋዋ፣ «በዚህ ድምፅህ ሌባ ብታባርር ሌባው ቆሞ አይዞህ ነው የሚልህ።» ቢጫ ፋይል የያዘው ሁሉ ሳቀ። ነጎድጓድ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለችኝ?» አለ። «ሥራህን ይባርክልህ አለችህ» አልኩት። ኮሪደር ላይ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ክፍሉ ውስጥ ነው የማይቻለው።

መጀመሪያ የገባችው ምራትየዋ ናት። ባለሚዛኑ ፋይሉን ገልጦ፣ የተጻፈውን እያየም ቢሆን ይጠይቃል።

«ሃይማኖት?»

ተረጎምኩላት። ፈገግ አለች፤ ደስ ብሏት አይደለም። «ባሌንም መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነው» አለች።

ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰ መስመር ሲቀጥል ታጣቂዎች መጡና ውረድ አሉት። ወረደ። ሃይማኖቱን ጠየቁት። ነገራቸው። እዚያው ምሰሶው ሥር ገደሉት። የሥራ ጓደኞቹ አነሡት፤ እሷ ሬሳውን አይታለች፣ በዕለቱ ተቀበረ። ወረቀት የላትም፤ ወረቀት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በዚያው ሳምንት ተቃጥሏል። ሳታለቅስ ነው የተናገረችው። ባለሚዛኑ ጻፈ። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀምጦ፣ መስታወቱ ሥር ያሉትን ስሞች እያየ «ሽቦ ያውቃል ማለት ነው» አለ።

«ምን?» አልኩት።

«አትተርጉመው። ለራሴ ነው ያልኩት።»

ቀጥሎ አማትየዋ ገባች። ባለሚዛኑ በእኛ ቋንቋ «አንቺ» ይላታል፤ እኔ «እርስዎ» እያልኩ አደርስላታለሁ። አትጨምር ከተባልኩት ውስጥ ያቺን ታህል ጨምሬያለሁ።

ሃምሳውን ጥያቄ በደህና አለፈችው። የቤታቸው በር ወደየት ይዞራል፣ ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር፣ አልጋው ስንት ነው፤ ሁሉም ከምራቷ ቃል ጋር ገጠመ። ባለሚዛኑ ፊቱ ፈታ ማለት ጀምሮ ነበር። ከዚያ «ልጅሽ የት ነው?» አለ።

የምራትየዋ አደራ ትዝ አለኝ። ግን ጥያቄ ነው፤ ጠየቅኋት።

«ደህና ነው፣ ክብር ምስጋና ይግባው» አለች። «ባለፈው ሳምንት ሰላምታ ልኳል።»

የባለሚዛኑ ብዕር ቆመ። «በምን ላከ?»

«በሹፌር።»

«ሹፌሩ ማን ይባላል?»

«እኔ አላየሁትም። ምራቴ ናት ያገኘችው።»

«ልጅሽ አሁን ምን ይሠራል?»

«ያው ሥራውን። ሽቦ ይዘረጋል።»

«የት?»

ትንሽ አሰበች፤ ቃሏን የምታሳምር መስሏት። «ተራራው ላይ ነው አሉ። ሰው የማይደርስበት ነው።»

ልጆቼ፣ የዚያኛው ሃይማኖት ታጣቂዎች የነበሩት ተራራ ላይ ነው። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። ባለሚዛኑ ፋይሉን ቀስ አድርጎ ከደነና «በቃ፣ ትውጣ» አለ። ስትወጣ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ገጠመልን፣ ወንድሜ?» አለችኝ። ዝም አልኳት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

በሩ ሲዘጋ ባለሚዛኑ እጁን ጠረጴዛው መስታወት ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ። «አንዷ ትዋሻለች» አለ። «ሚስትየዋ ሞቷል አለች። እናትየዋ ሽቦ ይዞ ተራራ ላይ ነው አለች። እኔ እናትየዋን ነው የማምነው።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ፋይሉ ወር፣ ሁለት ወር ይቀመጥ ነበር፤ ምናልባት ከባልደረቦቹ አንዱ አጣርቶ ይደርስበት ነበር። ግን አላስቻለኝም። «ጌታዬ፣ አሮጊቷ አልዋሸችም። አታውቅም። ልቧ ደካማ ስለሆነ ምራቷ የልጁን ሞት ደብቃታለች» አልኩ።

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ምራትየዋ። ኮሪደር ላይ።»

«ከአመልካች ጋር ኮሪደር ላይ ታወራለህ?»

 መሬት መሬት አየሁ። እሱ ግን አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀ፤ የሒሳብ መልስ እንደተገለጠለት ተማሪ። «እንግዲያው ማረጋገጡ ቀላል ነው» አለ። «ሳምንት ትጠራ። አንተ ሞቱን ትነግራታለህ፤ እኔ ፊቷን አያለሁ። አታውቅ ከነበር ይታወቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር ማስመሰል አይቻልም። ከደነገጠች ምራትየዋ እውነቷን ነው፣ ሦስቱም ይገባሉ።»

«ልቧ ቢቆምስ?»

«ነርስ አስቀምጣለሁ» አለ። ይህንንም ማስታወሻው ላይ ጻፈው፦ ነርስ።

ያን ሳምንት ምራትየዋን ሸሸኋት። ከሩቅ ሳያት በጓሮ በር እገባለሁ። አንድ ጊዜ ደርሳብኝ «አባባ፣ እማን ለምን ድጋሚ ጠሯት?» ስትለኝ «የፊርማ ጉዳይ ነው» አልኳት። በጢሜ ዋሸኋት።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት አንደኛ መስኮት ሰው ጎድሎ ለአንድ ነጭ ፋይል እኔንና ባለሚዛኑን ጠሩን። ከማዶ የመጣ ሽማግሌ ነው፣ የእኛው ሃይማኖት።

«ባለቤትህስ?» አለ ባለሚዛኑ።

«ሞታለች። ነፍሷን ይማር።»

አራት ጥያቄ አለፈና «ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» አለው።

«ከባለቤቴ ጋር። ውጭ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።»

እኔ እንደ ሰማሁት ተረጎምኩ። ባለሚዛኑ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ዕድሜ ነው!» አለ። «አያቴም እንዲሁ ነበር። እኔን በአባቴ ስም ነበር የሚጠራኝ።» ማኅተሙን አነሣና ፋይሉ ላይ ጧ አደረገው። ውጭ የምትጠብቀው ሴት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው መስኮት ሄድን።

ነርሷ ቀድማ መጥታ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ገብታ ስታያት «ማን ታማሚ አለ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ባለሚዛኑ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበና ሁለት ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፊቷን አየ። «ጀምር» አለኝ።

እኔ ሬሳ ጭኜ አውቃለሁ። መኪና ገደል ሲገባ ያለቀሰች እናት አጽናንቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ምላሴ እንደ ጫማ ቆዳ ደረቀ።

«እናቴ፣ ይጽኑ» አልኳት። «ልጅዎ... ልጅዎ የለም። ምሰሶው ሥር ገድለውታል። ዓመት ከሁለት ወሩ ነው።»

እሱን አላየችውም። እኔን አየችኝ። ነርሷ ቦርሳዋን ስትከፍት ዚፑ ተሰማ።

«አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ።

«ምን አለች?» አለ ባለሚዛኑ፤ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል።

አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል አፌ ውስጥ ያዝኳት። «ወይኔ ልጄ አለች» ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? በዚያ ክፍል ቋንቋውን ከእኔ በቀር የሚሰማ የለም። ግን ፊቷን እያየ ነው፤ ፊቷ ላይ ደግሞ ድንጋጤ የሚባል አልነበረም። ፈራሁ። ለእሷ አልነበረም የፈራሁት፤ ለሥራዬ ነው።

«አውቃለሁ ነው ያለችው» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጠየቅኋት። እጇን አጣምራ፣ ለጎረቤት እንደምታወጋ ሁሉ ነገረችን። «ብርዱ ሲገባ ምራቴ የልጄን ካፖርት ቆርጣ ለልጅቷ ሰፋችላት። ጠዋት ብነሣ ልጅቷ የአባቷን ካፖርት ለብሳ ትዘላለች፤ እጅጌው አጥሮ፣ ወገቡ ገብቶ። አያምርም አይባልም፣ እጇ መልካም ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ካፖርት አይቆረጥም፣ ወንድሜ። እኔ ልጄን ያን ቀን ቀብሬዋለሁ።»

ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ባለሚዛኑ በጥሞና ሰማ። «ታዲያ እያወቀች ደህና ነው፣ ሰላምታ ልኳል ለምን አለች?»

«ቃላችሁ ይግጠም አላችሁና!» አለች፤ እሱም ማወቅ ያለበት ነገር ይመስል ተገርማ። «ቤት ውስጥ እሷ የምትለው እንዲያ ነው። እዚህም እንዲያው የምትል መስሎኝ ነው። እሷ ሹፌር መጣ እያለች፣ እኔ ሞቷል ብል ምራቴን አሳጥቼ ላስመልሳት? ደግሞስ ማወቄን ብትሰማ... ያቺ ልጅ እኔ እንዳልወድቅ ብላ ነው የቆመችው። እሷ ለእኔ ትስቃለች፣ እኔ ለእሷ እስቃለሁ። እንዲያ እንዲያ ብለን ነው እዚህ የደረስነው።»

ተርጉሜ ስጨርስ ነርሷ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ባለሚዛኑ ሁለት መስመር ጻፈ። ተገልብጦ ቢሆንም አነበብኩት፦ «እያወቀች የሐሰት ቃል ሰጥታለች። ከጥያቄው በፊት ተመካክረዋል።»

«ጌታዬ፣» አልኩ፤ «ይህ ውሸት አይባልም። ሐዘን መያዝ ነው። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ያ ሽማግሌ፣ ሚስቴ ሞታለች፣ ሚስቴ ውጭ ናት ሲል...»

«እሱ ዘነጋ። ይህቺ ደበቀች።»

«እንዴት ይታወቃል?»

«እሱን አውቀዋለሁ።»

«ከየት ጌታዬ?»

 ያ ንጹሕ ፊቱ ትንሽ ቀላ። «ማለቴ... ዓይነቱን አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ቀሰረ። «አሁን ሐዘን መያዝ ነው ያልከው፣ እሷ ናት ያለችው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተን የጠየቀ አለ?»

እሷ ናት ብዬው ቢሆን ኖሮ ይጻፍ ነበር።

አሮጊቷን ይዤ ወጣሁ። ምራትየዋ ከአግዳሚው ብድግ ብላ የእኔን ፊት አየች፣ የአማቷን ፊት አየች፤ ሁሉም ገባት። «ነገሯት!» አለች፣ «አባባ፣ እርስዎ ነገሯት!»  አሮጊቷ እጇን ያዘቻት። «ተይው። ማንም አልነገረኝም። ከካፖርቱ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ምራትየዋ መሬት ተቀመጠች። አሮጊቷም አጠገቧ ወረደች። ዓመት ከሁለት ወር አንዷ ከአንዷ ደብቃ ለየብቻ ስታለቅሰው የኖረችውን ሰው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱት። ስሙን እየጠሩ፣ አንዷ የጀመረችውን አንዷ እየተቀበለች። ልጅቷ መሐላቸው ገብታ አንዴ የእናቷን፣ አንዴ የአያቷን ፊት ታብሳለች።  ነጎድጓድ መጣ። በዚያች ቀጭን ድምፁ «ዝም በሉ፣ ሌላው ተራ ይረበሻል፤ ከውስጥ ታዝዤ ነው» አለ። ተረጎምኩላቸው። ዝም አሉ። አብረው ያለቀሱት ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ መጣ። ባለሚዛኑ ራሱ ይዞት ወጣ፤ መልካም ዜና እንደሚያመጣ ሰው ፊቱ ረጋ ብሏል። «ሦስቱንም መመለስ እችል ነበር» አለኝ። «ግን የሚስትየዋ ቃል እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ሰውየው ሞቷል። እሷና ልጇ ይገባሉ። እናትየዋ በሐሰት ቃል ትመለሳለች። ሚዛን ነው። እስከ አሥር ሰዓት ካልፈረመች ግን ፋይሉ ይዘጋል፣ ሦስቱም ይመለሳሉ።»

ወረቀቱን ለምራትየዋ አነበብኩላት። «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው አመልካች፣ ከተመላሽዋ የቤተሰብ አባል በገዛ ፈቃዴ ተለይቼ...» ስል አቋረጠችኝ።

«‘በገዛ ፈቃዴ’ የምትለዋን ማውጣት አይቻልም?»

«አይቻልም ልጄ። የታተመ ነው።»

«እንግዲያው አልፈርምም። እማ፣ ተነሺ። አብረን መጣን፣ አብረን እንመለሳለን።»

«ወዴት ነው የምትመለሺው?» አለች አሮጊቷ። «ምሰሶው ሥር?»

«የትም ይሁን። አልለይሽም።»

«ፈርሚ ልጄ።»

«አልፈርምም አልኩሽ።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አለፈ። አሮጊቷ ለመነቻት፣ ገሠጸቻት፣ በልጅቷ ስም ተማጸነቻት። ምራትየዋ እንደ ድንጋይ ሆነች። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው አሮጊቷ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከንፈሯ ቀጠነ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች፤ ባትጮኽም እኔ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች። «ያን ቀን ጠዋት ልቤ ከብዶኛል፣ ልቅር ብሎሽ ነበር። ሥራህን ሂድ፣ ሰው ምን ይላል ያልሽው አንቺ ነሽ። ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቼ ሰምቻለሁ። ዓመት ከሁለት ወር ፊትሽን እያየሁ የኖርኩት ለልጅቷ ብዬ ነው። ልጅቷ ካመለጠች፣ ካንቺ ጋር ምን አለኝ? ልጄን ወደ ሞቱ ልከሽ፣ አሁን ደግሞ የልጄን ልጅ ልትጎትቻት? ሰልችተሽኛል። ሂጂልኝ።»

 የምራትየዋ ፊት አመድ መሰለ። ልጆቼ፣ አሮጊቷ ከልቧ ይሁን፣ ለማባረር ብላ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ብዙ ዓመት አሰብኩበት፤ አላውቅም። ከመጋረጃው ወዲያ ሰማሁ ያለችው ግን ልብ ወለድ አልነበረም፤ የምራትየዋ ፊት እውነት መሆኑን ነገረኝ።

እስክሪብቶውን ከእጄ ነጥቃ ፈረመች። «በገዛ ፈቃዴ» የምትለው ላይ እጇ አልቆመም። ልጅቷን በክንዷ አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና «እማማስ? እማማስ?» ትላለች።

አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። በሩ ሲዘጋ «ሄዱ?» አለችኝ።

«ሄዱ።»

«ዞር ብላ አየች?»

አላየችም ነበር። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነው የወጣችው። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እውነት ተናግሬ ሰው ጎድቻለሁ፤ አሁንስ ልዋሽ ወይ ብዬ አሰብኩ። ግን የቱ ይሻላት እንደነበር አላውቀውም።

«አላየችም» አልኳት።

«እሰይ» አለች። «ዞር ብትል አትወጣም ነበር።» ግድግዳውን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልያዛት ስል ክንዷን ነጠቀችኝ። «አንተ ተወኝ፣ ወንድሜ። አንተ ከእነሱ ነህ።»

ሐሙስ ዕለት ከሌሎች አሥራ ዘጠኝ ቢጫ ፋይሎች ጋር በተመላሾች መኪና ጫኗት። እኔ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ፣ ሦስተኛ ሲገባ። ባለሚዛኑ «ሽማግሌው፣ ሴትዮዋ እኮ እየተናገረች ነው» አለኝ። ፊት ለፊቴ ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ» አልኩና የሰማሁትን ተረጎምኩለት። በዚያ ሥራ አምስት ዓመት ቆየሁ።